ፋቫው የረገፈ ሰሞን

ይድረስ ለልጆቼ አባት፣

እንዴት ነህ? የቡና ለቀማው፣ ብርዱና የአለቃው ጩኸት እንዴት አድርገውህ ይሆን? ያ ወገብህስ ተሻለህ? በባዶ ወለል ላይ ተኝተህ ከሆነ ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ፍራሹን ይዘህ ሂድ ብዬ ለምኜህ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ታይናራ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፣ አመሏም እንደ ቁመቷ ነው። ትንሹ ጥርስ እያወጣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ባለፈው የቄሱን ጣት ነከሰ። ያገር ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል። ሁሉም ማለቴ እንኳ አይደለም፣ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። በስልክ ድምፄን ልልክልህ ጀምሬ ጀምሬ አጠፋሁት። እናንተ እዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተደርድራችሁ ነው የምትተኙት፤ የአንዱን ሚስት ድምፅ ሁሉም ይሰማል፣ ከዚያም ይሳሳቃል። ከመካከላችሁ ደግሞ የአበልጃችን የዤኔዚዮ የወንድም ልጅ አለ። እሱ ከሰማ ወሬው አንተ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ተመልሶ እዚህ ይደርሳል። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩት፤ የሠራተኛ አውቶቡስ የሚነዳው ቫልዴሲ በእጅህ ይሰጥሃል። ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ። ደግሞ በሞቴ፣ እስከመጨረሻው ሳታነብ ከተቀመጥክበት እንዳትነሳ።

ነገሩ ስለ ጋሮአ ነው። ስለ ላማችን ነው የምጽፍልህ።

ስትሄድ ወደ ዤኔዚዮ ግጦሽ ያስገባሃት አንተ ነህ፤ አልወቅስህም። የኛ ጓሮ ከድንጋይ በቀር የሚጋጥ የለውም። እሱም አጥሩን ስላደስክለት “ላምህ ላሜ ናት፣ እርጉዝ ናት ደግሞ፣ ዓይኔን ከላይዋ አልነቅልም” ብሎ በታይናራ ክርስትና ምሎልሃል። አብሬህ ቆሜ ሰምቻለሁ። የክርስትና አባት ሲምል ማን ይጠረጥራል?

የአምባውን ወግ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ዘንድሮ የተበላሸው እዚያው ወግ ላይ ስለሆነ ከስሩ ልንገርህ። የፋቫው ዛፍ ዛላው ገና አረንጓዴ ሳለ እኛ ሴቶቹ ዘንጋችንን ይዘን በየባለከብቱ አጥር እንገባለን። ለቅመን፣ አንድም ሳናስቀር በጆንያ ተሸክመን በዚያው ቀን እንወጣለን። ዛላው ለኛ ገበያ፣ የጸዳው ግጦሽ ለባለከብቱ። ማንም ማንንም አያመሰግንም፣ ማንም ማንንም አይለምንም፤ በሩ በወቅቱ ይከፈታል፣ አለቀ። ያልተለቀመ እንደሆነ ነሐሴ ላይ ጠቁሮ ይረግፋል። ሲረግፍ ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ እሳት ላይ የተጣደ ይመስል አገሩን በጣፋጭ ሽታ ይሞላዋል፤ ሣር የጠፋበት ከብት ያንን ሽታ አልፎ አይሄድም። አንታ የሚባለው የዱር አውሬ ዛላውን በልቶ ይወፍርበታል፤ ሰውም የደም ሥር መድኃኒት ይቀምምበታል ይባላል። ላም ግን ትሞትበታለች። እግዜር ሲፈጥረው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ጋሮአ ካሹ በልታ የሰከረች ዕለት ትዝ ይልሃል? የወደቀውን ፍሬ፣ ያውም ፀሐይ ላይ የፈላውን፣ ጠግባ በልታ እየተንገዳገደች መጥታ የታጠበ ልብስ ላይ ስትተኛ አንተ እስክታለቅስ ስቀህ “ሚስቴ ሆይ፣ እቺ ከኔ ትብሳለች” አልከኝ። በማግስቱ ራሷን ነቅንቃ ተነሳች። ካሹ እንዲያ ነው፣ ብዙ ጊዜ አስክሮ ይለቃል። ፋቫ አይለቅም።

እና ዘንድሮ ዤኔዚዮ በሩን ቆለፈው። በትልቅ ጓጉንቸር! ለምን ቢባል “ቅርንጫፍ ትሰብሩብኛላችሁ” አለ። ጉድ እኮ ነው፤ አባቱ ግማሹን አምባ ለከሰል ሲጨፈጭፈው ያላዘነ ሰው ለቅርንጫፍ አዘነ። “የምትፈልግ መጥታ ቁልፉን ትጠይቀኝ” ብሎ ላከብን። ሴቶቹ ተሰብስበው ወደኔ ዞሩ። አንቺ አበልጁ ነሽ፣ አንቺን አያሳፍርሽም፣ ሂጂና አባብይው አሉኝ።

ሄድኩ። ሚስቱ ኢዛልቲና ለካ ከተማ ሐኪም ጋ ሄዳለች፤ እሱን ሳላውቅ ነው የገባሁት። ቁጭ በይ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ስለ በሩ ነገርኩት። በሩማ ምን ችግር አለው፣ በቀላሉ የሚከፈት ነገር ነው አለኝ። ከዚያ ወጣሁ። ቁልፉን አልሰጠኝም፤ ስለዚያ ቀን ይኸው ነው። ሳልረሳው፣ ስትመጣ ነጠላ ጫማ ግዛልኝ፤ የቀኝ እግሩ ጠፍቶብኛል። ውሻ ወስዶት ይሆናል።

ሴቶቹ ምን አለሽ ሲሉኝ እምቢ አለ አልኳቸው። ደግመሽ ሂጂ፣ ወንድ በመጀመሪያው እሺ አይልም አሉኝ። እግሬ አይረግጠውም አልኩ። ሲወተውቱኝ ተናደድኩና ኤዲሌኔ ትሂድላችሁ፣ ልጅ ናት፣ ምላሷም ከኔ ይጣፍጣል ብዬ ጮህኩባቸው። ኤዲሌኔን ታውቃታለህ፣ ያቺ ባለፈው ዓመት ያገባችው፣ ባሏ ካንተ ጋር ቡና ላይ ያለው። በእጇ የያዘችው ዘንግ ወደቀ። “እኔ እዚያ ደጃፍ አልደርስም!” አለች፤ ከንፈሯ ነጣ። ያኔ ልብ አላልኩም። የራሴ ጉድ ይዞኝ ነበር።

ቆየ፣ ሰነበተ፣ ዛላው ጠቆረ። ረገፈም።

አንድ ጠዋት ሽታው ቤታችን ድረስ መጣ። ታይናራ ደስ ብሏት አየሩን ስትስብ እኔ የያዝኩትን ጥዬ ወጣሁ። ወዲያው በአጥሩ ዳር ሮጥኩ። ጋሮአ እዚያ ትልቁ ፋቫ ስር፣ አፏ በዛላ ተሞልቶ፣ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። ጠራኋት። በስሟ፣ በፉጨት፣ አንተ በምትጠራት ድምፅ ሳይቀር ጠራኋት። ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ አጎነበሰች። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ተረት መሳለቂያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዲህ ሽቦ ይዞ መቆም ነው።

ዤኔዚዮ በፈረሱ መጣ። ላሜን ስጠኝ፣ ዛላ እየበላች ነው፣ ያንተም ከብቶች እየበሉ ነው፣ በእግዚአብሔር ስም በሩን ክፈት አልኩት። አላለቀስኩም፣ ማልቀሴን እንዳያይ ጥርሴን ነክሼ ነው የተናገርኩት። ሳቀ። “ቁልፉ ቤት ነው ያለው፤ ማታ ብቻሽን መጥተሽ ውሰጂ” አለኝ። አልመጣም አልኩት። “እንግዲያው የላምሽ ነገር በእጅሽ ነው” ብሎ ፈረሱን አዞረ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ይህን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ ተሟገትኩ። ጻፍኩት፣ አለቀ።

ከዚያ የሱ ከብቶች ማበጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ያቺ ቀንዳሟ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይፈኖች። እበታቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ከሆዳቸው በታች ውሃ እንደሞላ ስልቻ ተንዠርግጎ፣ ከዚያ ተኝተው ቀሩ። እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከሱቁ በር ላይ ቆሞ “የጨው ገንዳዬ ላይ መርዝ ተነስንሷል፤ ማን እንደነሰነሰም አውቃለሁ፣ ቁልፍ የተከለከለች ሴት ናት” አለ። ስሜን አልጠራም፣ ግን ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። በማግስቱ ታይናራ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች፤ “እናትሽ መርዘኛ ናት” ብለዋታል። የክርስትና አባቷን መንገድ ላይ አግኝታ እንደ ሁልጊዜው እጇን ዘርግታ ባርኩኝ ብትለው ፊቱን አዙሮባት አለፈ። እኔን የፈለገውን ይበለኝ፤ ልጅ ምን አደረገችው?

ፈራሁ እልሃለሁ። ላሟ ብትሞት ልጆቹ የሚጠጡት የለም። ላሟን ባወጣ ሌባ እባላለሁ። ዝም ብል መርዘኛ ነኝ። ላንተ ብደውል ደግሞ አንተ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፣ እሱን ነው ከሁሉ በላይ የፈራሁት።

እሑድ ጸሎት እንዳለቀ፣ ሰው ገና ከደጁ ሳይበተን፣ ፒንሳህን ከመሣሪያ ሣጥንህ አውጥቼ ያዝኩና መሐል ቆምኩ። የዤኔዚዮን ሽቦ ልቆርጥ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በናንተ ፊት የምቆርጠው ኋላ ሌባ እንዳትሉኝ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ይከተለኝ አልኩ። መጀመሪያ ማን ተከተለኝ ብትል አሮጊቷ ዶና ፊሎ! ያን ምርኩዟን ጥላ። ስቆርጥ ሽቦው ተመልሶ ፊቴን እንዳይገርፈኝ ቀሚሷን ጠቅልላ ያዘችልኝ። ስትሠራው አጥብቀህ ነው የወጠርከው፣ እጅህ ይባረክ፣ እንዴት እንዳስቸገረኝ!

ጋሮአ ተኝታ ነበር። ደረቷ ስር አብጧል፣ ጆሮዋ ወድቋል። ስታየኝ ለመነሳት ሞከረች፣ ኋላዋ እምቢ አላት። ኤዲሌኔ በጎን፣ እኔ በቀንድ፣ ሌሎቹ ከኋላ ገፍተን አቆምናት። እርምጃ በርምጃ፣ እያረፈች ወጣች።

ዤኔዚዮ ደረሰ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። “ሽቦዬን ቆረጥሽ!” አለኝ። ቆረጥኩ፣ ባሌ የወጠረው ነው፣ ባሌ ይጠግነዋል አልኩት። ሰው ሳቀ። ፖሊስ እጠራለሁ ሲል ዶና ፊሎ “ጥራው ልጄ፣ ሲመጣ ውሃ እናጠጣዋለን” አለችው። ሚስቱ ኢዛልቲና ከጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። እሱን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነው፣ ያውም እግሬን። ባዶ እግሬን ነበርኩ።

ፖሊሱ አልመጣም፣ የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ዤኔዚዮ ራሱ ነው የጠራው፣ መርዙን አረጋግጦ ሊከሰኝ። ሐኪሙ ሰው ሁሉ እያየ የሞተውን ወይፈን ከፈተው። ጨጓራው የፋቫ ፍሬ ብቻ ነው፣ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ኩላሊቱ ደግሞ እንቁላል ነጭ በሚመስል ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል። ሌላ መርዝ የለም አለ፤ የገደለው ይኸው ነው፣ ከዛላው ያልራቀ ከብት ሁሉ ይከተላል፣ መድኃኒትም የለውም። ከዚያ ዞር ብሎ በየዋህነት “ዘንድሮ ለምን ሳይለቀም ቀረ?” ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ ዤኔዚዮን አየው!

ጋሮአንም አየልኝ፣ ደግ ሰው ነው። ጥላ፣ ውሃ፣ ለምለም መኖ ስጫት፣ አታስኪጃት፣ ሌላው የእግዜር ነው አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ የሸንኮራ አገዳ ጫፉንም፣ የካሳቫ ቅጠሉንም አጠውልጎ አመጣ። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ አፏን አፏን አያለሁ። ብታመሰኳ ብዬ። ትንሹን ታቅፌ፣ እያጠባሁ፣ አፏን አያለሁ። አታመሰኳም። አልበላም አለች። እኔንም አልበላ አለኝ።

የሱ ከብቶች ደግሞ መውደቃቸውን ቀጠሉ። ከብቱን ሁሉ የሚያዛውርበት ሌላ ግጦሽ የለውም፤ ዛላውን ከመሬት የሚያነሳለት ደግሞ ከኛ በቀር ማንም የለም፤ ወንዱ ሁሉ እናንተ ጋ ነው። መጣ። ዛላ የምናሰጣበት አውድማ ላይ ሁላችንም እያለን በፒክአፑ መጣ፣ ኢዛልቲና ከጎኑ ተቀምጣለች። ባርኔጣውን አወለቀ። ያ ሰው ባርኔጣ ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። “ያለፈው አለፈ፣ ግቡና ልቀሙልኝ፣ የወደቀውንም ጥረጉልኝ፣ ከብቴ እያለቀ ነው” አለ።

መልሱን ለብዙ ቀን ሆዴ ውስጥ ሳብሰለስለው ነበር፣ ግን በሰው ፊት፣ ያውም ሚስቱ ፊት፣ ምላሴ ላይ አልወጣ አለ። ያኔ ከኋላዬ ኤዲሌኔ፣ ያቺ ከጥላዋ የምትደነግጠው ልጅ፣ “እንገባለን፤ ግን ሚስትህ በሩን ትያዝ፣ አንተ ከአምባው ውረድ” አለች።

ከአፌ ነጥቃ የወሰደችው ያህል ነው! ዞር ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ዘንጉ ከእጇ የወደቀበት ቀን ያኔ ገባኝ። ሌላዋም “እኔም እንደሱ ነው የምለው” አለች። ሌላዋም። አንዷም ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ይህን ልብ በልልኝ፣ አንዷም። እኔ ብቻዬን የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ዶና ፊሎ መሬት መሬት እያየች “የዚህ በር ነገር ከአባቱ ጀምሮ ነው፤ ያኔ እኛ የሚናገር አጣን” አለች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት እንባዋ ወረደ።

ዤኔዚዮ የሆነ ነገር ሊል ጀመረ፣ ሴቶቹ አብደዋል ምናምን አለ። ኢዛልቲና ከመኪናው ወረደች። እጇን ዘረጋችለት። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ሰጣት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በዚያው ወደ ከተማ ነዳ፤ እስካሁን እህቱ ቤት ነው ያለው ይላሉ።

እሷ በሩ ላይ ቆመች። ፀሐዩ እንደዚያ እየፈጀ፣ ወንበር ስናመጣላት አልቀመጥም አለች። እኛ ስንለቅም፣ ስንጠርግ፣ ሸክም ስናወጣ ዋልን፤ በነጋታውም፣ በሠልስቱም። ሁላችንንም ስንገባና ስንወጣ በዓይኗ ትቆጥረን ነበር። መጨረሻ ላይ እኔ ጆንያዬን ተሸክሜ ሳልፍ ክንዴን ያዘችኝ። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችኝ። ላሟን ነው የምትጠይቂኝ አበልጄ? አልኳት። “አዎ፣ ላሟን” አለችኝ፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። በሩ ከተቆለፈ ጀምሮ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ለቀቀችኝ። ምን እንላለን? እሷም ሴት ናት፣ እኔም ሴት ነኝ፣ ነጋ ጠባ አንድ ምንጭ ላይ ነው የምንገናኘው።

ስለ ጋሮአ እውነቱን ልንገርህ፤ ደብቄህ ደርሰህ ከምታዝን አሁን እዘን። ጨነገፈች። ወንድ ጥጃ ነበር፣ ግንባሩ ነጭ። ታይናራ ከካሹው ስር ቀበረችው፣ መስቀልም ሠራችለት፤ ለጥጃ መስቀል አይደረግም ብዬ ልቆጣት ነበር፣ ተውኩት። እሷ ግን፣ ጋሮአ፣ አልሞተችም። ሦስት አራት ቀን ሞትንና ዕድሜን ስታማርጥ ከቆየች በኋላ አንድ ጠዋት ከተኛሁበት ገርገር የሚል ድምፅ ሰምቼ ብነሳ እያመሰኳች ነው! ታይናራን ቀሰቀስኳት፣ ጎረቤት ቀሰቀስኩ፣ እንደ እብድ ጮህኩ። እብጠቱ እየሟሸሸ ነው። ዘንድሮ ወተት የለም፣ ለከርሞ ግን ላም አለችን። እስከዚያ ኢዛልቲና በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ወተት ትልክልናለች። መጀመሪያ ልመልስባት ነበር፤ ኋላ “ከሱ አይደለም፣ ከክርስትና እናቷ ነው በያት” ብላ ላከችብኝ። ልጆቹ ይጠጡታል።

ለታይናራም ነግሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ በረከት የምትጠይቂው ክርስትና እናትሽን ብቻ ነው አልኳት። ለምን ስትል ትልቅ ስትሆኚ አልኳት። እንዲህ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። የገባት ይመስለኛል፤ ልጅ የማይገባው ነገር የለም።

እንግዲህ አንተ። ዓይኔ ላይ እየታየኸኝ ነው፤ ከተቀመጥክበት ተነስተሃል። ቁጭ በል። ያቺን የአባትህን ቢላ እዚያው ሣጥንህ ውስጥ ተዋት፣ ስትመጣም ይዘሃት እንዳትመጣ። ጊዜህን ጨርስ፣ ቡናው ሲያልቅ ከሰዎቹ ጋር ና፣ ቀድመህ ብቻህን እንዳትመጣ። እኛ ሴቶቹ የጀመርነውን በራሳችን መንገድ ይዘነዋል። አንተ ደም ብታፈስ ጠዋት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስላንተ ቢላ ነው፤ ያ በር ይረሳል፣ እኛም እንረሳለን፣ እሱ ደግሞ ሰማዕት ሆኖ ይቀበራል። አንተ እስር ቤት፣ እኔ እዚህ፣ ልጆችህ መካከል። ይህንን ነው የምትፈልገው? አይደለም። አውቅሃለሁ፣ አይደለም። ለኤዲሌኔ ባልም አንድ ቃል እንዳትተነፍስ፤ የሷን እሷ ትነግረዋለች፣ ከፈለገች።

አንድ ጠርሙስ የፔኪ ፍሬ ዘይትና የካሳቫ ዱቄት ቫልዴሲ ይዞልሃል፤ ለብቻህ ብላው፣ ለዚያ የወንድም ልጅ እንዳትሰጠው። እግዚአብሔር ጉልበትህን ይጠብቅልህ፣ ወገብህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ሰውም ከክፉ ሐሳብም ይሰውርህ። በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባልኝ፤ የልጆችህን ዓይን ለማየት ያብቃህ። እኔም ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ስጽፍ እንደማታምነኝ አውቃለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ስታይ ታድራለህ። ስለዚህ አንዲት ነገር ልጨምርልህ፤ ከዚህ በላይ እንዳትጠይቀኝ፣ ስትመጣም እንዳትጠይቀኝ፦

የአንድ እግር ጫማዬን ጥዬ ሮጬ ወጥቻለሁ። አልደረሰብኝም።

ናፍቆትህ የጠናባት
የልጆችህ እናት